ከባሩድ እስከ ቀለህ፦ የጥይት ሥራ ታሪክ በጉና ዙሪያ

የጦር መሣሪያ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በጠመንጃው ዙሪያ ነው፤ ሆኖም ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገዛ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ሲሆን፣ ጥይት ግን በየተኩሱ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ባለ ጠመንጃው ከውጭ ገበያ ጋር የነበረውን እውነተኛ ግንኙነት የሚያሳየው ጥይቱ ነው። ደብረ ታቦርን፣ ገሳይንና በጉና ተራራ ዙሪያ ያለውን ደጋ የሚያጠቃልለው የቀድሞው የበጌምድር ክፍል ለዚህ ታሪክ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ባሩድ በአገር ውስጥ የተቀመመበትን፣ መድፍ የቀለጠበትንና ዘመናዊ ጥይት የሁለቱንም ልፋት ከንቱ ያደረገበትን ዘመን አከታትሎ አይቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1541 ምጽዋ የወረደው፣ 400 ያህል ወታደር የነበረው የክሪስቶቮ ዳ ጋማ የፖርቱጋል ጦር በቀጣዩ ዓመት ወፍላ ላይ በአዳሉ መሪ በግራኝ አሕመድ ጦር ድል ከሆነና አዛዡ ከተገደለ በኋላ፣ የተረፉት ወታደሮች ከባሕር ተቆርጠው ስለ ቀሩ፣ በአገሩ ከተገኘው ድኝና ከአፈር ከሚወጣው የባሩድ ጨው ባሩዳቸውን ራሳቸው ቀመሙ። ግራኝ አሕመድ በ1543 ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ፣ የድሉ አንድ ምክንያት ይኸው በአገር አፈር የተሠራ ባሩድ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ባሩድ የሦስት ነገሮች፣ ማለትም የባሩድ ጨው፣ የድኝና የከሰል ድብልቅ ሲሆን፣ ሦስቱም በአገር ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ በተለኮሰ ክር የሚተኮሰው አሮጌ ጠመንጃ በአውሮፓ ከተረሳ ከረጅም ጊዜ በኋላም በኢትዮጵያ ደጋ መቆየቱ በኋላ ቀርነት ብቻ የሚተረጎም አይደለም። ባለ ክር ጠመንጃ የያዘ ሰው ባሩዱን በአካባቢው አግኝቶ፣ ክሩን ራሱ ፈትሎ፣ ነጋዴ ያመጣለትን እርሳስ በቤቱ አቅልጦ አረር ሊያወጣ ይችል ነበር፤ በመዶሻ ምት የምትቀጣጠል ትንሽ የመዳብ ቆብ፣ ማለትም ካፕሱል፣ የሚሻው አዲሱ ጠመንጃ ግን ባለቤቱን የባሕር ማዶ ፋብሪካ ጥገኛ ያደርገዋል። ርካሹ መሣሪያ በግዢው ቀን ሳይሆን በሚቀጥሉት ዓመታት ወጪው እንደሚለይ የደጋው ወታደር ያወቀው በኑሮው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጥገኝነት ለመስበር የመረጡት ስፍራ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ነው። በጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡት፣ እንደ ቴዎፊል ቫልድማየር ያሉ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል፣ በዚያ የብረት ማቅለጫ አቋቁመው መድፍ እንዲያፈስሱ ታዘዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት የጠየቋቸው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ምጽዋ ድረስ ደርሰው፣ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ባለመፈታታቸው ወደ መሃል አገር ሳይዘልቁ ቀሩ፤ ስለዚህ ጋፋት የሠራው ባለው አቅም ብቻ ነበር። ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል፣ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ፣ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ መቅደላ ገባ።

እስረኞቹን ለማስፈታት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሚያዝያ 1868 መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ የታየው ግን ችግሩ ከብረቱ ይልቅ በባሩዱና በጥይቱ እንደ ነበረ ነው። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ከልክ ያለፈ ባሩድ ጎርሶ ስለ ነበር በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ በሌላው ወገን የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው፣ በኋላ በአማርኛ ሰናድር የተባለው ጠመንጃ ደግሞ አረሩን፣ ባሩዱንና ካፕሱሉን በአንድ ቀለህ ውስጥ የያዘ፣ ከኋላ የሚጎርስ ጥይት ይተኩስ ነበር። ቀለህ ማለት እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ፣ ከተኩስ በኋላ ባዶውን የሚወድቅ የናስ ቅርፊት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ያጠፉበት መሣሪያም ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ሽጉጥ ነበር።

ቀለህ አዲስ ጥገኝነት ቢያመጣም አዲስ ዕድልም ከፍቷል፣ ናሱ በአንድ ተኩስ አይበላሽምና። የፈረንሳይ ጦር በ1886 ለበል የተባለውን ጠመንጃ ከያዘ በኋላ ትርፍ የሆነው የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ፣ በአገሩ አጠራር ወጅግራ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ሲፈስስ፣ ጥይቱ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ስለ ነበር፣ ባዶው ቀለህ እየተለቀመ በአገር ባሩድና በቤት በቀለጠ እርሳስ እንደገና ለመሞላት የተመቸ ሆነ። በቤት የተሞላ ጥይት ኃይሉ አንድ ወጥ አለመሆኑና አፈሙዙን በጥላሸት ማጨቁ የታወቀ ጉድለት ቢሆንም፣ የድሃ ወታደር ምርጫ በጥሩና በመጥፎ ጥይት መካከል ሳይሆን በመጥፎ ጥይትና በባዶ ዝናር መካከል ነበር። ጥይት ለማርያ ትሬዛ ብር ምንዛሪ ሆኖ ገበያ ላይ በሚዘዋወርበት ዘመን ባዶ ቀለህ የሚጣል ዕቃ አለመሆኑም የሚያስገርም አይደለም። ሽጉጥ ግን መጠኑ እንደየሥሪቱ ስለሚለያይና በሹማምንት እጅ እንጂ በብዙኃኑ ስላልነበረ፣ ጥይቱ በቤት በመሞላት ረገድ የጠመንጃን ያህል ዕድል አላገኘም።

ይህን ቀለህ እንደገና የመሙላት ሙያ ያዳከመው እገዳ ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ በ1884 ያገኘው ጢስ አልባ ባሩድ በፋብሪካ እንጂ በምጣድና በሙቀጫ የሚሠራ ባለመሆኑ፣ ለበልና ከእርሱ በኋላ የመጡት ጠመንጃዎች የአገሩን ባሩድ ከጨዋታ ውጪ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ የበጌምድር ገዢ ኃይል የሚለካው ከጅቡቲው ባቡር ሐዲድና ከወደቡ ባለው ርቀት ሆነ፤ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረው ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 1930 አንቺም ላይ ድል ሆነው ሲሞቱ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር አውሮፕላን ጭምር አሰልፎ ነበር።

ዛሬ ጋፋት የሚለው ስም የሚጠራው ቢሾፍቱ ላይ ባለው የመሣሪያ ፋብሪካ ሲሆን፣ ጥይት የሚመረተው አምቦ አካባቢ ባለው የሆሚቾ ፋብሪካ ነው፤ ግለሰብ መሣሪያም ሆነ ጥይት የሚይዝበት ሥርዓት ደግሞ በ2020 በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛል።