የስምንት ሰዓት አፎቻ

ቀረብ በሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ሐኪም ጋራ ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል ስታዩ ጀጎል እንዳለ ከፊታችሁ ይዘረጋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ 82ቱ መስጊዶች፣ ሁሉም በአንድ እይታ ይገባሉ። የሐረር ልጆች ግን በግንቡ አልተወሰኑም። ቶሮንቶ አሉ፣ ሜልቦርን አሉ። አፎቻውም ተከትሏቸው ሄዷል። ለሠርግና ለቀብር በቤት መደብ፣ በነደባ ላይ ይሰበሰብ የነበረው ማኅበር ዛሬ ቴሌግራም ውስጥም ይሰበሰባል።

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ወንዱ ልጃቸው ቶሮንቶ፣ ሴቷ ሜልቦርን። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማለዳ አረፉ። ቀብሩ እንደ ደንቡ በዚያው ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነበር። አንድ ጎረቤት ወጣት፣ ልቡ ደህና ነው፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቡድኑ ለሁሉም ጻፈው።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ስልክ የማንን ጎህ ያውቃል? ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ፣ ማታ በእነሱ 6 ሰዓት፣ ባቡር ውስጥ እንደቆመች አነበበችው። የሚይዛት አልነበረም። ወንዱ ተኝቶ ነበር፤ ቶሮንቶ ገና ሌሊት ነው። ሲነቃ ስልኩ ቀድሞ ያሳየው የመጨረሻውን መልእክት ነው፤ «አላህ ይርሐማቸው»። እናቱ መሆናቸውን ሳያውቅ ማጽናኛውን አነበበ። ያን ጊዜ አፈር ተመልሶ አልቋል።

ይህን የሰሙ አንድ የሂሳብ መምህር የነበሩ አዛውንት ወረቀት አንስተው ቁጭ አሉ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ ክረምት ከበጋ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ሐምሌ ላይ ቶሮንቶ ከእኛ 7 ሰዓት ትዘገያለች፣ ሜልቦርን ደግሞ 7 ሰዓት ትቀድማለች። ሐረር ልክ መሐል ላይ! ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ደግሞ የሰዓታችን ቁጥር ከእነሱ የሚለየው በአንድ ብቻ ነው፤ ለቶሮንቶ አንድ ቀንሱ፣ ለሜልቦርን አንድ ጨምሩ። ጥር ላይ ሁለት ሁለት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሁለቱ አገሮች በጋቸው ተቃራኒ ስለሆነ፣ አንዱ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይመልሳል። የሚቀያየሩት ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንታት ቶሮንቶ በአንድ፣ ሜልቦርን በሁለት ትለያለች። እኔ ይህን ስሰማ ግንቡን የማየት ያህል ደስ አለኝ።

ታዲያ ሦስቱም ከተማ ነቅቶ የሚገናኝበት ሰዓት የቱ ነው? ቀን 8 ሰዓት። ከዙሁርና ከምሳ በኋላ፣ ሐረር በርጫ የምትቀመጥበት ሰዓት! ቶሮንቶ ሐምሌ ላይ ከጠዋቱ 7፣ ሜልቦርን ማታ 9። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ጅብ ሲመገብ በቀጥታ የሚያስተላልፉ ልጆች ቶሮንቶ በቀትር ተመልካች ያገኛሉ፤ ሜልቦርን ግን ሌሊት 2 ሰዓት ነው፣ ተኝታለች። በርጫው ሁሉንም ይይዛል። ሠርጉም ሸዋል ኢዱም መዋጮውም በዚያች ሰዓት ይወራል።

መርዶን ግን አዛውንቱ ከዚህ ለዩት። ሰው የሐዘንተኛው በር ድረስ ሳይሄድ አንድም ፊደል አይጻፍ፣ አሉ። አፎቻው ተስማማ።

ባለፈው ጥር ከሱብሂ በፊት የጎረቤታችን አባት አረፉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መንገዳችን በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ስልኬን አየሁ፤ ቡድኑ ጸጥ ብሏል፣ አንድ ቃል የለም። ሜልቦርን በእነሱ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ነው፤ ሁለት የአፎቻው ሴቶች፣ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ እዚያ ያለውን የሟቹን ልጅ በር ያንኳኳሉ።