«ዳርከስት አወር»፦ ስለ ቸርችል የተሠራው ፊልምና የተመልካቾች አስተያየት

«ዳርከስት አወር» (እጅግ የጨለመችው ሰዓት) በ2017 የወጣ የብሪታንያ ታሪካዊ ፊልም ነው። ዊንስተን ቸርችል በሜይ 1940 ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ይተርካል። ዳይሬክተሩ ጆ ራይት፣ ደራሲው አንቶኒ ማካርተን፣ ቸርችልን ሆኖ የተወነው ደግሞ ጋሪ ኦልድማን ነው። ለሥራው 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመላው ዓለም ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በ2018 ለስድስት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ በምርጥ መሪ ተዋናይና በምርጥ ሜካፕ ሁለቱን ወስዷል። የተመልካቾች አስተያየት ግን እንደ ሽልማቱ ወደ አንድ ወገን አላደላም። በትወናው ላይ አብዛኛው ሰው ሲስማማ፣ በታሪኩ እውነተኛነትና በቸርችል ማንነት ላይ ግን ክርክሩ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ከወረደ በኋላም ቀጥሏል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉ ቀኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ

ፊልሙ የሚጀምረው የምክር ቤት አባላት በጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌይን ላይ ሲነሱ ነው። ሜይ 10 ቀን ሥልጣኑ ለቸርችል ተላለፈ፤ በዚያው ዕለት የጀርመን ጦር ሆላንድን፣ ቤልጅየምንና ፈረንሳይን ወረረ። ብዙ ሳይቆይ የብሪታንያ ሠራዊት በፈረንሳይ፣ በደንከርክ የባሕር ዳርቻ ተከበበ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በጣሊያን ሽምግልና የሰላም በር ይከፈት እንደሆነ እንሞክር ይላሉ። ቸርችል ግን አንዴ ለድርድር ከተቀመጥን መመለሻ የለንም ብለው ይሞግታሉ። የፊልሙ ልብ ከሜይ 26 እስከ 28 በጦር ካቢኔው ውስጥ የተካሄደው ይህ ሙግት ነው። መደምደሚያው ቸርችል ጁን 4 ቀን በምክር ቤት ያደረጉት ንግግር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከደንከርክ 338,226 ወታደሮች በመርከብና በጀልባ ወጥተው ነበር።

ትወናውና ሜካፑ

ቀጭኑ ኦልድማን ወፍራሙን ቸርችል መምሰሉ ብዙ ተመልካቾችን አስደንቋል። ፊቱን የሠራው ካዙሂሮ ፁጂ ከፊልም ሥራ ርቆ በቅርጻ ቅርጽ ላይ ሳለ በኦልድማን ልመና የተመለሰ ባለሙያ ነው። ቸርችል መጀመሪያ የሚታዩን ጨለማ በዋጠው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ክብሪት ይጫራል፤ በዚያች ብልጭታ ሲጋርና ግማሽ ፊት ይታያሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ አልጋ ላይ ቁርስ የቀረበላቸው ሽማግሌ ይወጣሉ። ትወናውን የወደዱ ሰዎች የሚያነሱት ከታላላቆቹ ንግግሮች ይልቅ እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ቦታዎች ነው፤ ማጉረምረማቸውን፣ ቃል ፍለጋ መንተባተባቸውን፣ ለባለቤታቸው ለክሌመንታይን ሲሆን የሚለሰልሰውን ድምፃቸውን። የማይስማሙት ደግሞ ፊልሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለወደቀ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ጥላ ሆነው ቀርተዋል ይላሉ።

የባቡሩ ትዕይንት

ተመልካቹን ከሁሉ በላይ የከፈለው ትዕይንት የምድር ውስጥ ባቡሩ ነው። ቸርችል መንገድ ሲዘጋጋባቸው ከመኪናቸው ወርደው ብቻቸውን ባቡር ውስጥ ይገባሉ። ተሳፋሪው ደንግጦ ይነሳል፤ እሳቸው ክብሪት ይለምናሉ፣ ስም ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ለጠላት እንንበርከክ ወይ ብለው ያማክሩታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትቀር መልሱ «በጭራሽ» ነው። ቸርችል የጀመሩትን ግጥም አንድ ጥቁር ወጣት ሲጨርስላቸው እንባቸው ይመጣል።

ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው። የወደዱት ሰዎች መሪ ድፍረቱን ከሕዝቡ እንደሚቀዳ ያሳየ ውብ ምሳሌ አድርገው ያዩታል። ዳይሬክተሩም ቸርችል አንዳንዴ ከአጃቢ ተሰውረው ሕዝብ መሃል ይገኙ ነበር ሲል ተከራክሯል። የነቀፉት ደግሞ በዚያ ሳምንት የሆነውን ሳያውቅ የተወሰነለትን ሕዝብ እንደ ወሳኝ ማቅረብ ማታለል ነው ይላሉ። የነቀፌታው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ደንከርክ ያለው ጦር ይተርፍ አይተርፍ ሳያውቁ፣ የአገር ዕጣ መወሰናቸው በራሱ ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ ነው፤ ያለ ባቡሩም ይቆም ነበር።

ከታሪክ ጋር ሲመዘን

ታሪክ የሚያውቁ ተመልካቾች ሌሎች ግድፈቶችንም ለቅመዋል። ጸሐፊዋ ኤልዛቤት ሌይተን ለቸርችል መሥራት የጀመሩት በ1941 ሲሆን በፊልሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን አሉ። በሁለት ጣት የሚሠራው የድል ምልክትም የታወቀው በ1941 ነው። ከእነዚህ የሚከብደው የካቢኔው አቀራረብ ነው። ከአምስቱ የጦር ካቢኔ አባላት የሌበር ፓርቲዎቹ ክሌመንት አትሊና አርተር ግሪንዉድ ድርድሩን ተቃውመው ከቸርችል ጎን ቆመዋል፤ ፊልሙ ለእነሱ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ቻምበርሌይንም በክርክሩ መጨረሻ ወደ ቸርችል ማዘንበላቸው በሚገባ አልታየም። ሜይ 28 ቀን ቸርችል ሰፊውን የሚኒስትሮች ስብስብ አነጋግረው ብርቱ ድጋፍ ማግኘታቸው ግን እውነት ነው።

የሕንድ ተመልካቾች ተቃውሞ

በሕንድና በሌሎች የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ብዙዎች የተቹት ፊልሙ ያልነካውን ነው። በ1943 በቤንጋል በደረሰው ረሃብ ያለቀው ሕዝብ እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ሕንዳዊው ደራሲና ፖለቲከኛ ሻሺ ታሩር ኦልድማን ኦስካር በወሰደበት ሰሞን ቸርችልን በዚህ ዕልቂት ተጠያቂ አድርጎ ጽፏል። የቸርችል ተከላካዮች የጃፓንን በርማን መያዝ፣ የ1942ቱን አውሎ ነፋስና የመርከብ እጥረት በምክንያትነት ያነሳሉ፤ ፊልሙም የአንድ ወር ታሪክ ነው ይላሉ። ይሁንና ወገኑ በረሃብ ያለቀበት ተመልካች ለፊልሙ ተነስቶ እንዲያጨበጭብ መጠበቅ አይገባም።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያዊ ተመልካች በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉ። በ1938 ብሪታንያ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ስትቀበል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሌይን፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሊፋክስ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሃሊፋክስ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ይህንኑ ሲደግፉ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ተሟግተዋል። በ1940 ሽምግልናው የታሰበውም በጣሊያኑ መሪ በሙሶሊኒ በኩል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በእሱ እጅ ነበረች፣ አርበኞችም በየዱሩ አራት ዓመት ሲዋጉ ቆይተው ነበር። ቸርችልም ቢሆኑ በ1927 ሮም ሄደው ሙሶሊኒን ያወደሱ ናቸው።

ድርድሩ ቀረ፤ ጣሊያን ጁን 10 ቀን በብሪታንያ ላይ ጦርነት አወጀች። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከብሪታንያ ስደታቸው ተነስተው በግብፅ አድርገው ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው መንገድ «ቸርችል ጎዳና» መባሉ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ የለንደኑ የሦስት ቀን ሙግት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰላም ከሮም ቢገዛ ኖሮ፣ ዋጋውን ከሚከፍሉት አንዷ በስብሰባው ወኪል ያልነበራት ኢትዮጵያ ልትሆን ትችል ነበር።