ስለ ፎቶግራፍ ዕድሜ፤ በጥሊሊ ቤቶች ከሚገኙ ሥዕሎች በመነሣት

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጥሊሊ፥ ብዙ ቤተሰብ የዘመዶቹን ፎቶግራፍ በግድግዳ ሰቅሎ ይይዛል። ተመልካች በዚያ አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል፤ ጥቁርና ነጭ የሆነው የአያት ምስል ጥርት ብሎ ሲታይ፥ ባለቀለሙ የልጅ ሠርግ ደብዝዞ ወይም ቀልቶ ፊቱ አይለይም። ታናሹ ከታላቁ ቀድሞ ስለምን አረጀ?

ምክንያቱ የተሠራበት ነገር ነው። የጥቁርና ነጭ ምስል የብር ቅንጣት ስለ ሆነ፥ ከማጠቢያው መድኃኒት በንጹሕ ውሃ በሚገባ ከተለቀለቀ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ሠራተኛው ከቸኮለ ግን የቀረው መድኃኒት ያበላሸዋል። የቀለም ፎቶግራፍ የቆመው በሦስት ማቅለሚያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በታተሙት ላይ እነዚህ ማቅለሚያዎች በጨለማ ቢቀመጡም እኩል አልጸኑም፤ ሰማያዊው ቀድሞ ሲጠፋ ቀዩ ይቀራል።

ፊልሙም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ የተሸጠው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ቆመ። የተተካው አሴቴት በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ፥ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ይኰማተራል። ፖሊስተር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ይጸናል ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የደረሱ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ያነሷቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚታዩት በቤተ መዛግብት ስለ ተጠበቁ ነው።

የአዊ ደጋ ክረምት ይህን ጥበቃ አይሰጥም። እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሥዕሉም ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ የምድጃው ጢስ ደግሞ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ፎቶግራፉን ከጢስና ከፀሐይ አርቆ፥ ከመስተዋቱ በወረቀት ጠርዝ ለይቶ ማኖር ይገባል። ኔጋቲቭ ያለው ሰው አይጣለው፤ የቀለሙም ሥዕል ሳይጠፋ ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በእንጅባራ ሲሰበሰቡ፥ በፈረስ ላይ የተነሡ የአባቶች ምስሎች በየቤቱ ይታወሳሉ። ብሩ መቶ ዓመት ቢቆይም የሚያውቋቸው አዛውንት ግን አይቆዩም። ስለዚህ አዛውንቱ በሕይወት ሳሉ የሰውየው ስም፥ አገሩና ዘመኑ በሥዕሉ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ምስል ቢጸናም ለታሪክ ጸሐፊ የማይታወቅ ሰው ሥዕል ብቻ ነው።