«ባረቀ»፦ የአንድ ቃልና የአንድ መሣሪያ ታሪክ

በአማርኛችን ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ያለ ሐሳብ ሲተኮስ «ባረቀ» ይባላል፤ በእጁ የያዘውም ሰው «ባረቀበት» ይባላል። በዚህ አነጋገር ድርጊቱን የሚፈጽመው መሣሪያው ነው፤ ሰው ግን እንደ መብረቅ ከላይ የወረደ መዓት ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሐዘንተኛን ለማጽናናትና ባለ ደምን ለማብረድ አነጋገሩ የራሱ ጥበብ አለው። ታሪክን የሚመረምር ሰው ግን ከዚህ አልፎ መጠየቅ ይገባዋል፦ መሣሪያ በእርግጥ በራሱ ይባርቃልን? መልሱ ባለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ሽጉጥ በተጓዘበት የአሠራር ለውጥ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1873 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው የኮልት ስድስት ጎራሽ ለዚህ ታሪክ ዋነኛ መነሻ ነው። የዚህ ሽጉጥ መቺ ወደ ፊት ወርዶ ሲያርፍ ሹል ጫፉ ከቀለሁ ግርጌ ያለውን ተቀጣጣይ ይነካ ነበር። በመሆኑም ሽጉጡ ወድቆ መቺው ከድንጋይ ወይም ከወለል ጋር ቢጋጭ፣ ምላጩን ማንም ሳይስበው ጥይቱ ይወጣል። ይህን የተረዱ አስተዋዮች አምስት ጥይት ብቻ አጉርሰው መቺውን በባዶው ስድስተኛ ጉድጓድ ላይ ያሳርፉ ነበር። ሁሉም ግን እንዲህ አላደረገም። በተኳሽነቱ ዝናው የገነነው ዋየት ኧርፕ በጥር 1876 ዊቺታ በተባለች ከተማ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሽጉጡ ከአፎቱ ሾልኮ ወደቀና ተተኮሰ፤ ጥይቱም ኮቱን በስቶ አለፈ። ኧርፕ በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ፖሊስ ነበር። የእጅ ልምድ ከጥንቃቄ ጉድለት እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ባለሙያዎች መፍትሔውን በብረቱ ውስጥ ፈለጉ። በ1890ዎቹ አይቨር ጆንሰን የተባለው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ፣ ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መቺው ጥይቱን እንዳይነካ የሚያደርግ ስልት በሽጉጦቹ ላይ አዋለ። አሠራሩ በእርግጥም የእድገት እርምጃ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባሠራጨው ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሕፃን በአልጋዋ ላይ ከአሻንጉሊቷ ጋር ሽጉጥ ይዛ ተቀምጣ ትታያለች፤ መልእክቱም «አይጎዳንም ብሎናል አባባ» የሚል ነበር። እነሆ፣ ጥንቃቄን ሊያግዝ የተፈጠረው ብረት ጥንቃቄን ለመተው ምክንያት ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ስልቱ ከመውደቅና ከመጋጨት ይከላከል ይሆናል፤ ምላጩን ከሚስብ የሕፃን ጣት ግን አይከላከልም።

የብረቱም ትምህርት ቢሆን በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1944፣ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አባል ከወደቀ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ በወጣ ጥይት ሞተ። ፋብሪካው በዚህ የተነሣ ይበልጥ አስተማማኝ የመቺ ማገጃ ሠርቶ በሽጉጦቹ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ሩገር የተባለው ፋብሪካም የጥንቱን ኮልት የሚመስሉ ሽጉጦቹን በ1973 በአዲስ አሠራር ለወጠ፤ ከ1982 ጀምሮም ቀድሞ የሸጣቸውን ያለ ክፍያ ለማስተካከል ጥሪ አቀረበ። የሥርዓቱ ትምህርትም ከብረቱ ጎን ለጎን አደገ። ዛሬ በየማሠልጠኛው የሚሰጡት ደንቦች አጫጭር ናቸው፦ መሣሪያ ሁሉ እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝ ሊገድሉት ወደማይፈልጉት ነገር አይዙር፤ ዒላማ ሳይያዝ ጣት ምላጭ አይንካ፤ ከዒላማው በስተጀርባ ያለው ይታወቅ። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ሌሎቹ ሕይወት ያድናሉ፤ ሁሉም ሲጓደሉ ግን «ባረቀ» ይባላል።

«ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» የሚለው አባባል ለኪነ ጥበብ ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ የሚነገረው በመድረክና በፊልም ሥራ ላይ ነውና። በ1984 ተዋናዩ ጆን ኤሪክ ሄክሰም ባሩድ ብቻ ባለው ጥይት በቀልድ ግንባሩ ጎን ላይ ተኩሶ፣ በባሩዱ ግፊት ብቻ ሞተ። በ1993 ብራንደን ሊ የሞተው ለማስመሰያ ተብሎ በስሕተት ከተዘጋጀ ጥይት የተላቀቀ አረር በአፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ በመቅረቱ ነው፤ በኋላ የተተኮሰው ባሩድ አረሩን ገፍቶ አወጣው። በጥቅምት 2021 በኒው ሜክሲኮ የፊልም ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ የተገደለችበት ሽጉጥ ደግሞ የዚያው የ1873 ኮልት አምሳያ ነበር። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ተነግሮ ነበር፤ ከማስመሰያ ጥይቶች ጋር ግን እውነተኛ ጥይት ተቀላቅሎ ነበር። ምላጩ ተስቧል ወይስ አልተሳበም በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ተካሄደ። የመሣሪያ ኃላፊዋ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ በአሥራ ስምንት ወር እሥራት ተቀጣች፤ በተዋናዩ ላይ የቀረበው ክስ ደግሞ ማስረጃ ከተከሳሹ በመደበቁ በዚያው ዓመት ተዘጋ።

እነዚህን ሞቶች የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ። አንዳቸውም ከአንድ ቅጽበት የተወለዱ አይደሉም። ጥይቱን ያዘጋጀው፣ ያቀላቀለው፣ ሳይመረምር የተቀበለው፣ «ባዶ ነው» ያለው፣ ያንን ቃል አምኖ አፈሙዙን ወደ ሰው ያዞረው፣ ሁሉም በሰንሰለቱ ውስጥ ቦታ አላቸው። ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ብትበጠስ ኖሮ ሞቱ ባልደረሰ ነበር።

እንግዲህ «ባረቀ» የሚለው ቃል ከቋንቋችን ይውጣ ማለት አይደለም፤ ለሐዘን ቤት ያገለግላልና። ለመማሪያ ክፍል፣ ለልምምድ አዳራሽና ለመድረክ ጀርባ ግን አይበቃም። እዚያ ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ምን አደረገ የሚለው አይደለም። ጎራሹን ከፍቶ በዓይኑ ያየ፣ ለባልደረባውም ከፍቶ ያሳየ ማን ነበር የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከጥይቱ በፊት ሲጠየቅ ደንብ ይሆናል፤ ከጥይቱ በኋላ ሲጠየቅ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ነው።