ቸርኬው ሳይጫር

ጠጋ በሉማ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ስለ ጎማ ነው። ስለ ጎማ ምን የሚወራ አለ ብላችሁ እንዳትነሱብኝ፤ እኔም አንድ ሽማግሌ አንዲት ጎማ ሲቀይሩ ከጎናቸው ቆሜ እስካይ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ወሩ ጥር ነው። ቦታው ከዋሽንግተን ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው፣ 395 የሚባለው አውራ ጎዳና። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ተረኛ ሆና አምሽታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዋን ወደ ቤቷ እየነዳች ነው። በረዶ ይጥላል ተብሎ መንገዱ ላይ ጨው ስለተበተነ አስፋልቱ አመድ መስሏል። በዚህ መሀል ከመሪው ፊት ለፊት ቢጫ መብራት ቦግ አለ። ደወለችልኝ።

«ወንድምዬ፣ ጎማ ተንፍሷል ይለኛል። ግን ምንም አይሰማኝም፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልቁም እንዴ?»

«አትቁሚ። ፍጥነትሽን ቀንሺና ቀስ ብለሽ ቤትሽ ግቢ» አልኳት።

ገባች። ጠዋት ሄጄ ሳይ የኋላው ቀኝ ጎማ ላይ ሚስማር ተሰክቷል። ውስጡ ንፋስ የሚባል የለም፤ ጎማው ግን መኪናዋን ተሸክሞ ቆሟል።

ይህን ጎማ ራን ፍላት ይሉታል። በተራው ጎማ መኪናውን የሚሸከመው ንፋሱ ነው፤ ንፋሱ ሲወጣ ጎማው እንደ ባዶ ጆንያ ይተኛል። የራን ፍላት ጉንጭ ግን በወፍራም ጠንካራ ላስቲክ ስለተሞላ ንፋሱ ቢወጣም አይተኛም። ብዙዎቹ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ያደርሳሉ። የእህቴ መኪና የ2011 ሞዴል ቢኤምደብሊው ናት፤ ስኮርት ጎማ የላትም። የዕቃ መጫኛዋን ብትከፍቱ ክሪክም አታገኙም። አንዲት ሴት በእኩለ ሌሊት፣ በብርድ፣ ከአውራ ጎዳና ዳር ቆማ ብሎን እንዳትፈታ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ የሠራውን ሰው አመሰግነዋለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ደንሎፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገና በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ዴኖቮ የሚባል ጎማ አውጥቶ ነበር። አሜሪካኖቹ ደግሞ በ1997 የወጣችውን ኮርቬት ያለ ስኮርት ጎማ፣ በጉድዪር ራን ፍላት ብቻ ገበያ ላይ አዋሏት። ሚሽሊንም ፓክስ የሚባል ጎማ ይዞ መጣ፤ ውስጡ የላስቲክ ቀለበት ያለው ብልህ ሥራ ነበር። ነገር ግን የራሱ ቸርኬና የራሱ ማሽን ይፈልግ ስለነበር መንደር ውስጥ የሚቀይረው ጠፋና ቀረ። ጎማ በመሐንዲሱ ብቻ አይኖርም፤ የሚቀይረው እጅ ያስፈልገዋል። የኔም ታሪክ ስለዚያ እጅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ፊተኞቹ ጎማዎች ልንገራችሁ። ከዓመት ተኩል በፊት ሁለቱ የፊት ጎማዎች አልቀው ወደ አንድ ጎማ ቤት ወስደናቸው ነበር። ስሙን አልጠራም። መኪናዋን ስንረከብ በሁለቱም ቸርኬዎች ጠርዝ ላይ የጥፍር ቅርጽ ያለው፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት ነበረ። «ምንም አይደል፣ ይሄዳል» አለች እህቴ። እውነትም ሄደ። ክረምት መጣ፣ የመንገዱ ጨው መጣ፤ ጨውና ውኃ በዚያች ጭረት ገቡ። ቸርኬው አሉሚኒየም ነው፤ የሚጠብቀው ከላይ የተቀባው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ቫርኒሹ ስር ነጫጭ ክር የመሰለ ዝገት እንደ ትል እየተጠማዘዘ ሄደ፣ ቆይቶም ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። አንዲት የጥፍር ጭረት ሙሉ ቸርኬ በላች ማለት ነው። ለዚህ ነው እህቴ በዚያ ጠዋት ሚስማሩን አይታ «ጎማውስ ይቀየር፣ ቸርኬውን ግን እንዳይጭሩብኝ» ያለችው።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ አለች። ባለቤቷ ጋሼ ይባላሉ፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እጃቸው የተገራው በልጅነታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነው። ጎሚስታ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ መጥቶ አገር የለመደ ስም ነው፤ ቸርኬም፣ ክሪክም፣ ብሎንም እንደዚሁ። ጋሼ ከእነዚህ ቃላት ጋር አድገው ቃላቱን ይዘው ነው ባሕር የተሻገሩት። አዲሱን ጎማ አስመጡ፣ የተበሳውን ከነቸርኬው ከመኪናዋ አወረዱ፣ ሁለቱንም በእጃቸው ዳሰሱና፦

«ዛሬ አልነካውም» አሉ።

«ምነው ጋሼ? ቸኩላለች እኮ።»

«በርዶታል ልጄ። የበረደ ራን ፍላት እንጨት ነው። እንጨት ከቸርኬ ጋር ስታታግል የሚሸነፈው ቸርኬው ነው። ሙቀት አጠገብ ይደር።»

እኔ የሽማግሌ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የጀርመን ጎማ ሠሪዎችም ራን ፍላት ሲቀየር የጎማው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያንስ ይመክራሉ። ጋሼ በመዳፋቸው ነው ያወቁት።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ሥራው በማሽን ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ በባልዲ ተጀመረ። ቸርኬውን በሳሙና ውኃ ከፊትም ከኋላም አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት። «አሸዋ ከቀረ፣ ማሽኑ ሲይዘው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጨዋል» አሉኝ። ከዚያ የማሽኑን ጫፍ፣ ቸርኬው አጠገብ የምትሠራዋን የፕላስቲክ ሽፋን፣ በጥፍራቸው ፈተሹ። ነቅለው በአዲስ ቀየሯት። ዋጋዋ ከቡና ዋጋ አይበልጥም። ያረጀው ፕላስቲክ ውስጥ የብረት ብናኝ ተሰግስጎ አሳዩኝ። የእህቴን የፊት ቸርኬዎች የጫረው ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም። የነሱን ጭረት አይቼዋለሁ። ያ በጉልበት የመጣ ነው። ና እዚህ ቁም፣ ላሳይህ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ አፍታ ታገሡኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

ጎማ ቸርኬውን የሚነክስበት ጠርዝ አለው። ከንፈር እንበለው። ከንፈሩ ውስጥ የብረት ሽቦ ቀለበት ተቀብሯል፤ አይለጠጥም። ቀለበቱ ደግሞ ከቸርኬው ጠርዝ ያንሳል፤ ባያንስማ ጎማው እየሄደ ይወልቅ ነበር። የማይለጠጥ ትንሽ ቀለበት ታዲያ በትልቅ ጠርዝ ላይ እንዴት ያልፋል? የቸርኬው ወገብ ላይ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቦይ አለ። የከንፈሩ አንዱ ወገን እዚያ ቦይ ውስጥ ሲሰምጥ፣ በተቃራኒው ወገን የዚያኑ ያህል ይላላል። የላላው በኩል በቀላሉ ጠርዙን ይሻገራል። ሙያው ይኸው ነው። የተክለ ሃይማኖቱ ጎሚስታ በሁለት ብረት የመኪና ጎማ ሲያወጣ በእግሩ ማዶውን ረግጦ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ከንፈሩን ወደ ቦዩ እየሰደደው ነው።

ራን ፍላት ግን በእግር አይረገጥም። ጉንጩ ደንዳና ነው። ከቦዩ ውስጥ ገፍቶ ይወጣል፤ የራን ፍላት ቸርኬ ደግሞ ንፋስ ሲያልቅ ከንፈሩ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ጉብታ ስለሚሠራለት ያንን ጉብታ ማሳለፉ ራሱ ትግል ነው። ከንፈሩ ማዶ ካልሰመጠ እዚህ አይላላም። ያልላላውን የሚስብ ሰው ብረቱን አጥብቆ ይጫናል፤ ብረቱ የሚደገፍበት ይፈልጋል፤ የሚያገኘው የቸርኬውን ጠርዝ ነው።

«ገባህ?» አሉ ጋሼ። «ጭረቱ የሚታየው እዚህ ነው። ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ማዶ ነው። ሰውዬው አላየውም፤ ዓይኑ ብረቱ ላይ ነበረ።»

እኔ ይህን ስሰማ ለዓመት ተኩል የተሸከምኩት ንዴት ቅርጹን ቀየረ። ግዴለሽነት መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን በሙሉ ኃይሉ ሠርቷል፤ ማዶውን አላየም እንጂ።

ጋሼ ሥራ ጀመሩ። ንፋስ እንዳልቀረ በቫልቩ በኩል አረጋገጡ። ከንፈሩን ከቸርኬው የሚያላቅቀውን ጠፍጣፋ ብረት ሲያስጠጉ ቫልቩ ካለበት በጣም አራቁት፤ ከቫልቩ ጀርባ በዚያ ሌሊት ቢጫውን መብራት ያበራው ሴንሰር ተቀምጧል። አሜሪካ ውስጥ ከፈረንጆቹ መስከረም 2007 ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ቀላል መኪና የጎማ ንፋስ ጠቋሚ እንዲኖረው በሕግ ታዟል። ራን ፍላት ላይ ደግሞ ያለ እሱ ነጂው መተንፈሱን ላያውቀው ይችላል። ሴንሰሩ ከንፈሩ በሚሰምጥበት በኩል ከሆነ እንደ ዕንቁላል ይደቃል።

ቸርኬውን በጠርዙ አላስያዙትም፤ መሀል ቀዳዳው ላይ በፕላስቲክ ሾጣጣ አጥብቀው አቆሙት። የከንፈሩን ዙሪያ በቅባት ለቀለቁት፤ አልቆጠቡም፣ ሁለት ዙር ሄዱበት። ከዚያ የማሽኑን ሌላ ክንድ ከጫፏ ማዶ አምጥተው ጉንጩን ጫኑት። ክንዱ ወረደ። ጎማው አቃሰተ፤ እውነቴን ነው፣ ቅባቱ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ። ማዶ ያለው ከንፈር ቀስ እያለ ቦዩ ውስጥ ሲገባ እዚህ ጫፏ አጠገብ የነበረው ውጥረት ሲላላ በዓይኔ አየሁት፤ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተከፈተ። ጋሼ አንድ እጃቸውን አንስተው ሁለት ጣታቸውን ክፍተቱ ውስጥ አስገቡና ሳይናገሩ አዩኝ። ከዚያ ፔዳሉን ረገጡ፣ ቸርኬው ዞረ፣ ክንዱ አብሮ እየተከተለ ከንፈሩን ከቦዩ እንዳይወጣ ጠበቀው። ከንፈሩ ጠርዙን ተሻግሮ ወጣ። ብረት ከብረት ሲነካካ አልሰማሁም።

የወለቀውን ጎማ ውስጡን በመብራት አሳዩኝ። ጉንጩ ውስጥ ዙሪያውን የተፈተገ ቀለበት ነበር፣ በእጄ ስዳስስ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ወጣ። «ሚስማሩን ነቅሎ መለጠፍ ይቻል ነበር የሚልህ ይኖራል። ባዶውን የሄደ ራን ፍላት አይለጠፍም። እሷን አድርሷታል፤ ሥራው አልቋል» አሉ።

አዲሱ የገባው በዚያው መንገድ ነው፤ ዝርዝሩን አልደግምላችሁም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሁለተኛው ከንፈር ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው ማሽኑ ከበደው። እኔ ብሆን ፔዳሉን እረግጥ ነበር። ጋሼ አቆሙ። ወደ ኋላ መለሱት። ማዶ ሄደው ከንፈሩ ከቦዩ አምልጦ ጉብታው ላይ መውጣቱን አሳዩኝ፤ የፕላስቲክ መያዣ አስገብተው፣ ቅባት ጨምረው እንደገና አስተኙትና ተመለሱ። በሁለተኛው ዙር እንደ ቅቤ ገባ።

ንፋስ ሲሞሉ ወደ ኋላ ቆሙ፣ እኔንም አራቁኝ። ጧ! ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ጧ! ሁለቱም ከንፈሮች ቦታቸው ገቡ። ዓይናቸው ከመለኪያው አልተነቀለም፤ እዚህ አገር ከንፈር ለማስቀመጥ ተብሎ ከ40 ፒኤስአይ አይታለፍም። ባላንስ ሲያደርጉም ክብደቱን በጠርዙ ላይ በብረት አልቀረቀሩትም፤ በውስጠኛው በኩል ለጠፉት። ብሎኖቹን በፕላስቲክ የተሸፈነ ቁልፍ አስገብተው፣ በመጨረሻ በመለኪያ ቁልፍ እስከ 120 ኒውተን ሜትር አጠበቋቸው። የማጥበቂያውን ሽጉጥ ለዚያች መኪና ከመስቀያው አላወረዱትም።

እህቴ ወደ ማታ ሥራዋ ስትሄድ መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መኪናዋን ዞረች። የፊተኞቹ ጋ ስትደርስ የለመደችውን ጭረት አይታ አለፈች። ኋላ መጣች። በግራው ቸርኬ ጠርዝ ላይ ጣቷን ዙሪያውን አስሄደች፣ ወደ ቀኙ መጥታ እንደዚያው አደረገች፣ ተመልሳ ግራውን አየች።

«ጋሼ፣ የቀየሩት የትኛውን ነው?»

«ቸርኬውን ተይው ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ጎማውን እዪው። አዲስ ጎማ ጸጉር አለው።»

ጎንበስ አለች። በቀኙ ጎማ ጉንጭ ላይ፣ ከፋብሪካ የቀሩት ቀጫጭን የላስቲክ ክሮች ገና አልረገፉም ነበር። አንዷን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገቻት።