ከመሣሪያው በፊት ደንቡ

ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ደቢያን የተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ እንደገና ከባዶ ሳይጫን ከአንዱ ዕትም ወደ ቀጣዩ በመሸጋገር ይታወቃል። ብዙዎች ምስጋናውን የሚሰጡት በ1999 ከ2.1 ዕትም ጋር ለወጣው አፕት ለተሰኘው መሣሪያ ነው። እኔ ግን ዋናው ባለውለታ የፕሮግራም ጥቅሎች እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚወስነው የጽሑፍ ደንቡ ነው እላለሁ። ማስረጃው ከአፕት ይቀድማል፤ በ1998 የወጣው 2.0 ዕትም የፕሮግራሞች ሁሉ መሠረት የሆነውን የሲ ላይብረሪ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ትውልድ አሻገረ። ለአሮጌው የተሠራ ፕሮግራም በአዲሱ አይሄድም። ሆኖም በደንቡ መሠረት የትውልዱ ቁጥር በጥቅሉ ስም ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጭነው መኖር ቻሉ። ሌላው ደንብ፣ ባለቤቱ ያስተካከለውን የቅንብር ፋይል ማሻሻያው ሳይጠይቅ እንዳይደመስሰው ይከለክላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ግን የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።

ጥንቃቄው ዝግመትን ወልዷል የሚለው ወቀሳ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከ2002ቱ ዕትም እስከ 2005ቱ ሦስት ዓመት ገደማ አልፏል። ነገር ግን ያን ያዘገየው ደንቡ ብቻ ሳይሆን አዲስ የመጫኛ ፕሮግራም የመሥራቱ ልፋትም ነበር። ደንቡም ግትር አይደለም። በ2025 የወጣው 13ኛ ዕትም ከ2038 በኋላ ያለውን ቀን መቁጠር እንዲችል የ32 ቢቱን የአርም ስሪት ሲለውጥ፣ አይ386 የተባለውን የ32 ቢት ኢንቴል ስሪት ግን ሆን ብሎ ተወው፤ የዚያ ስሪት ቀሪ ጥቅም አሮጌ ፕሮግራሞችን ማስኬድ ነውና።