በባለቀለም ኳስ የተከፈተው ድርድር

ዓለም አቀፍ ድርድር ሲባል እኛን ቀድሞ የሚመጣብን ክራቫት፣ ረጅም ንግግርና የማያልቅ የሻይ ዕረፍት ነው። እስቲ ዛሬ አንዱን ገለጥ አድርገን እንየው። የአገራችን ሰው አለበትና።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አንድ ጥያቄ በይደር ትቶ ነበር። ዘረ መላቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ሕያዋን ድንበር ሲሻገሩ ተቀባዩ አገር "አይሆንም" ማለት ይችላል ወይ?

በፌብሩዋሪ 1999 የኮሎምቢያዋ ካርታኼና ላይ የተደረገው ድርድር ሳይቋጭ ተበተነ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ "የማያሚ ቡድን" ተብለው "ንግዳችን ይደናቀፋል" አሉ። የሚገርመው፣ አሜሪካ የስምምነቱ አባል አልነበረችም፤ ዛሬም አይደለችም። በሌላው ወገን የቆሙት የአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ቃል አቀባይ የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ሊቁ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ።

በዚያው ዓመት ቪየና ላይ ሰብሳቢው ኋን ማይር ባለቀለም ኳሶች ይዘው መጡ። የመናገር ተራ የሚያዘው ኳስ ከከረጢት በማውጣት ሆነ። የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ግን ለአንዴም ቢሆን እህል ሻጩም ገዢውም እኩል ዕጣ አወጡ።

ተራ ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚባል ነገር ያስፈልጋል። የታዳጊዎቹ ሙግት "ሳይንስ ይቅር" አልነበረም። "ሳይንሱ ገና እርግጠኛ ባልሆነበት ጉዳይ የመጠንቀቅ መብት ይኑረን" ነበር። እንደ ሦስተኛው ዓለም ኔትወርክ ያሉ የሲቪል ማኅበራት በዕውቀት አገዟቸው። ሞንትሪያል ላይ ደግሞ በጃንዋሪ ብርድ ሰልፍ የወጡ ነበሩ።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2000 ሊነጋጋ ሲል የካርታኼና ፕሮቶኮል ጸደቀ። አገሮች የተለወጠ ዘር ከመግባቱ በፊት እንዲነገራቸውና እንዲወስኑ መብት አገኙ። ሁሉም አልተገኘም፤ ለምግብና ለመኖ የሚጫነው እህል ላይ ቁጥጥሩ ላላ ብሎ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዶ/ር ተወልደ ለዚሁ ፕሮቶኮል ስብሰባ ሞንትሪያል ሊሄዱ ሲሉ ካናዳ ቪዛ ከለከለቻቸው። ከየአገሩ ተቃውሞ ተነሣ፤ ቪዛውም ተሰጠ። ሊቁ ያለ ሲቪል ማኅበር በሩ ላይ በቀሩ ነበር፤ ማኅበራቱም ያለ ሊቁ አዳራሹ ውስጥ የሚናገርላቸው ባጡ ነበር።

በአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2009 ወጣ፣ በ2015 ተሻሽሎ ላላ፤ በ2018 የተለወጠ ጥጥ ተፈቀደ። ደግ ነው? ክፉ ነው? በእኛው መካከል እንኳ ስምምነት የለም። ብቻ ክርክሩ ዕውቀት ይፈልጋል። ዶ/ር ተወልደ በማርች 2023 አርፈዋል። ከእኛ ትውልድ ከከረጢቱ ኳስ የሚያወጣው ማን ይሆን?

ቸር እንሰንብት።